ትኩስ ዳቦና የቴሌቪዥን መስኮት፦ የቤት ምቾት ከኅሊና ፊት

ቀኑን በሥራ ደክሞ የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ገና ከደጅ ሳለ የትኩስ ዳቦ ሽታ ሲቀበለው፣ ራት ከተበላ በኋላም ከቤተሰቡ ጋር የቴሌቪዥኑን መስኮት ከብቦ ሲቀመጥ የሚያድርበት እርካታ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለመወሰን ያስቸግራል። ታላቅ ደስታ ነው እንዳይባል በማግስቱ ይረሳል። ከንቱ ነው እንዳይባል ደግሞ ያጡት ሁሉ ከማናቸውም ነገር አስቀድመው የሚናፍቁት እርሱን ነው። ከአገሩ የራቀ ስደተኛም ሆነ ከግንባር የዋለ ወታደር ስለ ቤቱ ሲያስብ በቅድሚያ ትዝ የሚለው ያገኘው ሹመት ወይም ያከማቸው ሀብት አይደለም፤ የምድጃው ሙቀት፣ የእናቱ ዳቦ ሽታ፣ በማታ ብርሃን ዙሪያ ይሰማ የነበረው ሳቅ ነው።

እንግዲህ ለብዙ ዘመን ፈላስፎችንም የኪነ ጥበብ ሰዎችንም ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይነሣል። እነዚህ ትንንሽ ምቾቶች በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ምን ያህል ይመዝናሉ? ሰውን ለነገው ኑሮ የሚያድሱ ናቸው ወይስ ከኃላፊነቱ የሚያስተኙ? የጎረቤቱ ጣራ በሚያፈስበት ሌሊት በገዛ ቤቱ ሙቀት የሚደሰት ሰው ጥፋት አለበትን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚነካ በመሆኑ፣ መልሱ ሰው ቤቱንና ኅብረተሰቡን አስታርቆ የሚኖርበትን መንገድ የሚወስን ይሆናል።

የክሱ ፍሬ ነገር

ምቾትን የሚከሱ ወገኖች ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ሰው በቤቱ ውስጥ በሞቀው መጠን የውጪውን ብርድ ይዘነጋል ይላሉ። ጥጋብ የረኃብን ትዝታ ያጠፋል፤ ለስላሳ መቀመጫ የቆሙትን ያስረሳል፤ በየምሽቱ ያለማቋረጥ የሚፈስሰው የምስል ትርኢትም ተመልካቹን ከአሳቢነት ወደ ፈዛዛነት ይለውጠዋል። በዚህ አስተያየት መሠረት የቤት ምቾት ትንሽ በመሆኑ ይበልጥ አደገኛ ነው። ታላቅ ኃጢአት ሰውን ስለሚያስደነግጠው ይጠነቀቀዋል። ትንሽ ምቾት ግን ማንንም ሳያስደነግጥ፣ በጣፋጭ ሽታውና በለሰለሰ ድምፁ ቀስ በቀስ ኅሊናን ያደነዝዛል።

ይህ ክስ በጉልህ ከተሰማባቸው አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። በዚያች አገር የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት ስምንት ዓመት ያህል በኋላ፣ የካቲት 1 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያውን ገዝቶ ከቤቱ ለማስገባት የሚችለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ በየአደባባዩ በተተከሉ ቴሌቪዥኖች ፊት ቆሞ የትግል ግጥሚያ ይመለከት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መሣሪያው ከአደባባይ ወደ ሳሎን ገባ። ሶይቺ ኦያ የተባለው ስመ ጥር ጋዜጠኛና ሐያሲ በ1957 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን መቶ ሚሊዮኑን ሕዝብ ወደ ድንቁርና እየመራው ነው ሲል ያሰማው ማስጠንቀቂያ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ አነጋገር ሆኖ ቀረ።

ለክሱ በአብዛኛው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። ሠራተኛ ማረፍ ይገባዋል፤ ያረፈ ሰው በማግስቱ የተሻለ ይሠራል፤ ስለዚህ ምቾት ጠቃሚ ነው ይባላል። ነገር ግን ይህ መልስ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ከክሱ ጋር አንድ ዓይነት ጉድለት እንዳለበት ይታያል። ከሳሹ ምቾትን የሚኮንነው ሥራን ያሰንፋል በማለት ነው፤ ጠበቃውም የሚደግፈው ሥራን ያቀላጥፋል በማለት ነው። ሁለቱም ሰውን እንደ መሣሪያ ያዩታል። አንደኛው መሣሪያው ይዝጋል ብሎ ይፈራል፤ ሁለተኛው ዘይት ይቀባ ይላል። ሰው ግን ለመሥራት ብቻ የሚያርፍ ፍጡር አይደለም። የምቾትን ሞራላዊ ዋጋ ለማወቅ ከዚህ የተለየ መለኪያ ያስፈልጋል።

«እንደምን አደራችሁ»

ይህን መለኪያ ለመፈለግ ከተለመደው የፊልም መንገድ ወጣ ያሉ ሥራዎች ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። ጦርነትና ግድያ፣ ሩጫና ጩኸት በሞላባቸው ፊልሞች መካከል፣ አንድ ቤተሰብ ሻይ ሲጠጣ የሚያሳይ ፊልም እንግዳ ነገር ነው። ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ ያሱጂሮ ኦዙ መላ ዘመኑን ለዚህ እንግዳ ነገር አውሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በታኅሣሥ 12 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ ልክ በስድሳኛው የልደት ቀኑ በ1963 ያረፈው ይህ ከያኒ ካሜራውን ከወለሉ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። በዚህም ተመልካቹ ከወለል ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡት ቤተሰቦች ጋር አብሮ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። ዓለምን ከዙፋን ላይ ወይም ከኮረብታ ጫፍ ሳይሆን ከማዕድ ዳር የማየት ምርጫ በራሱ የሞራል አቋም ነው።

ኦዙ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው «እንደምን አደራችሁ» የተባለው ፊልም ስለ ቴሌቪዥን የሚነሣውን ክርክር ከነፈገግታው ያቀርባል። ሁለት ወንድማማች ልጆች ወላጆቻቸው ቴሌቪዥን እንዲገዙላቸው ይጨቀጭቃሉ። አባት ተቆጥቶ ነገር አታብዙ፣ ዝም በሉ ሲላቸው ታላቁ ልጅ መልሶ አዋቂዎችን ይከሳል። እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ፣ ዛሬ አየሩ መልካም ነው እየተባባሉ ፍሬ የሌለው ቃል ሲያበዙ የሚውሉት እናንተው አይደላችሁምን ይላል። ከዚያም ሁለቱም ለማንም ላለመናገር ይወስናሉ። ለጎረቤት ሰላምታ እንኳ ይነፍጋሉ። ይህ የሕፃናት አድማ በሠፈሩ ሐሜትና መቀያየም ያስነሣል፤ የልጆቹ ዝምታ የእናትየው ቂም ተደርጎ ይተረጐማል።

የፊልሙ ጥበብ የሚገለጸው ግን በመጨረሻው ላይ ነው። በልብ የሚፈላለጉ፣ ነገር ግን ፍቅራቸውን ለመናገር ድፍረት ያጡ አንድ ወጣት መምህርና አንዲት ወጣት ሴት በባቡር ጣቢያ ቆመው ስለ አየሩ ይነጋገራሉ። ቀኑ መልካም መሆኑንና የደመናውን ቅርጽ እያነሡ አንዱ የሌላውን ቃል ይደጋግማሉ። ልጁ ፍሬ የለውም ያለው ንግግር ከዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ የታጨቀበት ሆኖ ይገኛል። በወላጆቹ ቤትም ቴሌቪዥኑ በመጨረሻ ይገባል። የሚገባው ግን በልጆቹ ለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ጡረታ ወጥቶ በችግር ላይ የነበረው ጎረቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭነት ሥራ በማግኘቱ፣ ቤተሰቡ ከእርሱ ገዝቶ ሊረዳው በመፈለጉም ጭምር ነው። ሐያሲው ሕዝብን ያደነቁራል ብሎ የፈራው መሣሪያ በዚህ ቤት ደጅ ሲደርስ የጉርብትና ማሰሪያ ሆኗል። መሣሪያው ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የገባበት መንገድ ነው።

ሌላው የኦዙ ሥራ «የቶኪዮ ታሪክ» በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ይህን ሐሳብ ከሳቅ ወደ ሐዘን ይወስደዋል። ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ከሩቅ ከተማ ተነሥተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ግን ሥራ አላቸው። ወንዱ ሐኪም ነው፤ ሴቲቱ የፀጉር ማስዋቢያ ቤት አላት። አማቻቸው ለእንግዶቹ ኬክ ገዝቶ ሲመጣ ሴት ልጃቸው ዋጋው መወደዱን ታነሣና፣ ለእነርሱ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ምን ያደርጋል፣ ተራው ብስኩት ይበቃቸው ነበር ትላለች። በሌላ ቀን ደግሞ በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሚስት፣ ማለትም ምራታቸው ኖሪኮ፣ አማቶቿን በጠባቧ ክፍሏ ትቀበላለች። የምታቀርበው መጠጥ ስለሌላት ከጎረቤቷ ተበድራ ታስተናግዳቸዋለች።

ኬኩና የተበደረችው መጠጥ ጎን ለጎን ሲታዩ የምቾት ምስጢር ይገለጣል። በአንደኛው ቤት ኬኩ ተገዝቷል፤ ምቾቱ ግን የለም። በሁለተኛው ቤት የሚቀርብ ነገር አልነበረም፤ ምቾቱ ግን ሞልቷል። እንግዲህ ምቾት ከዕቃው ውስጥ የተቀመጠ ባሕርይ አይደለም። አንዱ ለሌላው ሲያስብ በመካከላቸው የሚፈጠር ነገር ነው። በልክ የሚሰፍሩት ሰዎች እጅ ሲገባ ይደርቃል፤ ተበድሮ ከሚሰጥ ሰው እጅ ሲገኝ ይበረክታል። አበው ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲሉ የተናገሩት ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ራዲሽ የተቀላቀለበት ሩዝ

ትንሽ ምቾት የተራበውን ያስረሳል የሚለው ክስ ግን ገና አልተመለሰም። ለዚህ ከጃፓን ቴሌቪዥን ታሪክ አንድ ታላቅ ምሳሌ ይገኛል። የአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየማለዳው አጭር ተከታታይ ድራማ ማሳየት ልማዱ አድርጓል። ሰዎች ቁርሳቸውን እየበሉ፣ ሰዓታቸውንም በእርሱ እያስተካከሉ የሚመለከቱት በመሆኑ፣ ከቤት ምቾቶች ሁሉ እጅግ ተራው ሊባል ይችላል። ከሚያዝያ 1983 እስከ መጋቢት 1984 እ.ኤ.አ. በዚህ ሰዓት የቀረበው ደራሲዋ ሱጋኮ ሀሺዳ የጻፈችው «ኦሺን» ነበር። ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ክፍሎች ያሉት ይህ ድራማ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ 52.6 በመቶ፣ በከፍተኛው ቀንም 62.9 በመቶ የተመልካች መጠን ያገኘ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ከስድሳ በሚበልጡ አገሮች ታይቷል።

ይህን ያህል ሕዝብ ከቁርሱ ጋር ሲመለከት የነበረው ምንድን ነው? የሰቀቀን ታሪክ ነው። ኦሺን በሰሜን ጃፓን የአንድ ጭሰኛ ልጅ ናት። ቤተሰቡ ሩዙን በራዲሽ እያበዛ ይበላል፤ ይኸውም ሳይበቃ ሲቀር ልጅቱ በሰባት ዓመቷ ለአንድ ከረጢት ሩዝ ለዓመት አገልጋይነት ትሰጣለች። በረዶ በከበበው ወንዝ ላይ በመወጣጫ ተጭና ከወላጆቿ የምትለይበት ትዕይንት ከተመልካች ልብ የሚጠፋ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሥራ፣ የጦርነት፣ የሐዘንና የንግድ ሕይወት ረጅም ነው። ሆኖም ደራሲዋ ታሪኩን የጀመረችው ከድህነቱ አልነበረም። ሰማንያ ዓመት ያለፋትና የብዙ የገበያ አዳራሾች ባለቤት የሆነች አሮጊት አዲስ መደብር በሚመረቅበት ቀን ከቤቷ ትጠፋለች። ቤተሰቧ ወደ ሀብት ሲገሠግሥ ምን እንደ ጣለ ለማወቅ ወደ ልጅነቷ መንደር ትመለሳለች።

በዚህ ዓይነት የማለዳው ምቾት ራሱ ምቾትን የሚመረምር መስተዋት ሆነ። በ1983 የነበረው ጃፓናዊ ተመልካች ነጭ ሩዙን እየበላ፣ ራዲሽ የተቀላቀለበትን የአያቶቹን ሩዝ ተመለከተ። ቁርሱን እንዲጥል ማንም አላዘዘውም፤ ግን ያ ቁርስ ስንት ትውልድ እንደ ተከፈለበት እንዲያውቅ ተደረገ። ስለዚህ ምቾት ሁሉ የግድ ያስረሳል ማለት አይቻልም። የሚያስረሳ ምቾት አለ፤ የሚያስታውስ ምቾትም አለ። ጥበበኛ ከያኒ የሚታወቀው ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ውስጥ ማውጣት በመቻሉ ነው። ተመልካቹ ሊያርፍ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ዕረፍቱን ሳይነጥቅ ኅሊናውን ይቀሰቅሳል።

በማን ድካም?

ይህ ማስታወስ ወደ ከባዱ ጥያቄ ያደርሳል። የቤት ምቾት ከሰማይ አይወርድም። ዳቦው ሲሸት አንድ ሰው ጋግሮታል ማለት ነው፤ ሳሎኑ ሲያበራ አንድ ሰው ጠርጎታል ማለት ነው። የሰው ልጅ ስለ ቤት ሙቀት በዘመናት ሁሉ ብዙ ተናግሯል፤ እሳቱን ስላነደደችው ሴት የተናገረው ግን ጥቂት ነው።

ቤልጅማዊቷ የፊልም አዘጋጅ ሻንታል አከርማን በ1975 እ.ኤ.አ. ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች የሠራችው «ዣን ዲልማን» ይህን ዝምታ የሰበረ ፊልም ነው። በብራስልስ ከተማ ከአንድ ወንድ ልጇ ጋር የምትኖር ባል የሞተባት ሴት ሦስት ቀን በሁለት መቶ አንድ ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ድንች ትልጣለች፤ ሥጋ ታሻለች፤ ዕቃ ታጥባለች፤ አልጋ ታነጥፋለች፤ ቤቱን ለማኖርም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ የሚከፍል ወንድ ትቀበላለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ሥራውም አይቆረጥም። ድንች ለመላጥ የሚፈጀውን ጊዜ ተመልካቹም ተቀምጦ ይከፍላል። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስልባታል፤ ከዚያች ትንሽ ስሕተት የተነሣም የተስተካከለው ኑሮ መላላት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን በደም ይፈጸማል። ፊልሙ ለረጅም ዘመን በጥቂት አዋቂዎች ብቻ ሲታወቅ ቆይቶ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ የታወቀ የብሪታንያ የፊልም መጽሔት ከዓለም ሐያስያን በሰበሰበው ድምፅ ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመርጧል።

ጃፓናዊው ጁዞ ኢታሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ታምፖፖ» የተባለ አስቂኝ ፊልም ውስጥም ይህን የሚያህል አንድ አጭር ትዕይንት አለ። ፊልሙ ስለ ምግብ ደስታ የሚተርክ፣ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ጥሩ የፓስታ ሾርባ ለመሥራት የምታደርገውን ጥረት የሚከተል ነው። በመካከሉ ግን በሞት አፋፍ ላይ የምትገኝ የአንድ ሠራተኛ ሚስት ትታያለች። ባሏ እንዳትሞትበት ፈርቶ፣ ተነሺና ራት ሥሪ ብሎ ይጮኽባታል። ትነሣለች። ሩዙን ጠብሳ ታቀርባለች። ልጆቿ መብላት ሲጀምሩ በፈገግታ ተመልክታ ትወድቅና ትሞታለች። ባልየው እያለቀሰ ልጆቹን ብሉ፣ እናታችሁ የሠራችው የመጨረሻው ራት ነውና ሳይቀዘቅዝ ብሉ ይላቸዋል። ተመልካች ይሥቅ ወይስ ያለቅስ ግራ ይጋባል። የእናት ራት ምን ያህል ፍቅር፣ ምን ያህልም ግዴታ እንደሆነ የሚነግር ትዕይንት ቢፈለግ ከዚህ የሚበልጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ መፍትሔው ድካሙን ለማሽን መስጠት ይሆን? ከዚህ ላይ በዳቦ ጋገራ ታሪክ ውስጥ አንድ አስተማሪ ነገር ይገኛል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ በቤት ውስጥ በራሱ የሚያቦካና የሚጋግር መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ቅርፊቱ ያረረ፣ ውስጡ ያልበሰለ ዳቦ አወጡ። መሐንዲሶቹ ሊጡን ቢለኩትና በኤክስሬይ ቢመረምሩትም ምክንያቱን ሊያገኙ አልቻሉም። በመጨረሻ ከሠራተኞቹ አንዷ የሆነች ኢኩኮ ታናካ የተባለች ባለሙያ በኦሳካ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ሥር ተለማማጅ ሆነች። ጋጋሪው ሊጡን ሲስብ ጠምዘዝ እንደሚያደርገው እርሷ በእጇ አወቀች። እርሱ ግን ይህን ዕውቀት በቃል ለማስረዳት አይችልም ነበር፤ ዕውቀቱ ከመዳፉ ውስጥ ነበረና። በመሣሪያው ውስጥ ያንን ጥምዘዛ የሚተኩ ጉብታዎች ተጨመሩ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብም ብዙ ገዢ አገኘ።

ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ ተራ ተብሎ የሚናቀው የማድ ቤት ሥራ ሊቃውንትን ደጅ የሚያስጠና ረቂቅ ዕውቀት ያለበት መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ድካምን ሊያቀልል ቢችልም ምስጋናን ሊተካ እንደማይችል ያሳያል። ሸክሙ የቀለላት እናት የበለጠ ዕረፍት ታገኝ ዘንድ ተገቢ ነው፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ በፊትም እጇን ያላየ ከሆነ፣ አሁን ቁልፍ መጫኗንም አያይም። በማን ድካም የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው መሣሪያ ሳይሆን ዓይን ነው። ከበላበት ማዕድ ተነሥቶ ሳህኑን የሚያጥብ ሰው ከማናቸውም ማሽን በበለጠ ጥያቄውን መልሶታል።

ከደጅ የሚወጣው ዳቦ

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር የሚያውቅ ሁሉ የምቾትን ዋጋ ያውቃል። እርሾው ከዋዜማው ይጣላል፤ ሊጡ ቦክቶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ ሊጡ በኮባ ተሸፍኖ ከታች እሳት፣ ከላይም ፍም ይደረግበታል። ሁለት ወገን መከራ የወረደበት ሰው ከላይም ከታችም እሳት እንደ ነደደበት ድፎ ዳቦ ሆነ የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን በዚህ አነጋገር ውስጥ የተዘነጋች አንዲት ሰው አለች። እርሷም ፊቷን ወላፈን እየገረፈው፣ ዓይኗን ጭስ እያስለቀሰው ከሁለቱ እሳቶች አጠገብ የምትቆመው ጋጋሪ ናት።

ድፎው ሲወጣ የሚደረገው ሥርዓትም ትርጉም አለው። ዳቦው ሳይመረቅ አይቆረስም፤ ከተቆረሰም በኋላ ለጎረቤት ሳይላክ አይቀርም። ከዚህ ይበልጥ ደግሞ የቡሔ ሙልሙል አለ። በነሐሴ 13 ቀን በዓል እናቶች የሚጋግሩት ይህ ዳቦ ገና ሊጥ ሳለ ከቤት ለመውጣት የታሰበ ነው። የሠፈሩ ልጆች ዱላቸውን ይዘው፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ይቆማሉ፤ ሙልሙሉም ይሰጣቸዋል። ጋጋሪዋ የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቅም። ደጇ ላይ ቆሞ የዘፈነ ሁሉ ለዚያች ሰዓት ልጇ ነው። በዛሬው የከተማ ኑሮ በሙልሙሉ ፈንታ ገንዘብ መስጠት እየተለመደ መጥቷል። ገንዘቡ ልጆቹን ሊጠቅማቸው ይችላል፤ ግን የእሳቱ ሙቀት በእጃቸው አይገባም።

በዚህ ምሳሌ አማካይነት የሚፈለገው መለኪያ የሚገኝ ይመስላል። የምቾት ሞራላዊ ዋጋ የሚታወቀው በሁለት ጥያቄዎች ነው። በማን ድካም ተገኘ? በሩስ ለማን ክፍት ነው? የደከመችው ሴት ያልተመሰገነችበት፣ ተራዋን ያላረፈችበት ምቾት የተሰረቀ ዕቃ ነው። ደጁ የተዘጋበት ምቾትም፣ ምንም እንኳ በላብ የተገኘ ቢሆን፣ ውሎ አድሮ የሚሻግት እንጀራ ነው። ጋጋሪው የታወቀበትና ለሚያንኳኳ የሚተርፍ ምቾት ግን ከኃላፊነት መሸሻ ሊባል አይችልም። የኃላፊነት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እርሱ ነው። ልጅ መስጠትን የሚማረው ስለ ልግስና ከሚሰማው ዲስኩር አይደለም፤ ሙልሙል ይዛ ወደ ደጅ ከምትወጣው እናቱ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ሊነሣ ይችላል። ቤተሰብ የሌለው፣ ደጁን የሚያንኳኳ ሰው የማያውቅ፣ በትልቅ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰውስ? እርሱ በምሽት አንድ ዳቦ ጋግሮ፣ አንድ እንግዳ ፊልም ከፍቶ ቢጽናና ስግብግብ ሊባል ነውን? አይባልም። የብቸኛ ሰው ትንሽ ምቾት ራሱን በሕይወት ለማቆየት የሚያደርገው ትግል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «የእኩለ ሌሊት ምግብ ቤት» የተባለው የጃፓን ቴሌቪዥን ድራማ ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይተርካል። በቶኪዮ ሺንጁኩ ሠፈር ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የምትከፈት አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አለች። በምግብ ዝርዝሯ ላይ የተጻፈው አንድ ምግብ ብቻ ነው። ባለቤቱ ግን ማንም የሚወደውን ቢጠይቀው፣ ማሟያው እስካለው ድረስ ይሠራለታል። ታክሲ ነጂው፣ የምሽት ቤት ሠራተኛዋ፣ ሥራ የፈታው ተዋናይ በየመቀመጫቸው ሆነው የልጅነታቸውን ምግብ ይበላሉ፤ ብቸኛ ሆነው መጥተውም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብቸኛውን ሰው በራስ ወዳድነት ከመክሰስ በፊት በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ በር መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይቀድማል። ክፍት ደጅ ማጣት የእርሱ ጥፋት ከመሆኑ በፊት የኅብረተሰቡ ጉድለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ታላቁን ነገር ብቻ መከተል የሚገባ የሚመስላቸው ደራስያንና አዘጋጆች ማድ ቤቱን ለሌላ ይተዉታል። ነገር ግን የሰው ልጅ ዕድሜ አብዛኛው የሚያልፈው በታላላቅ ቀናት ላይ አይደለም፤ ሊጥ ኩፍ እስኪል በሚጠበቅበት፣ ሻይ እስኪፈላ በሚወራበት፣ ከራት በኋላ አንድ ትርኢት በሚታይበት ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ከያኒው ካላከበረው ነጋዴው ይይዘዋል፤ ተመልካቹንም በእውነት ያደነዝዘዋል። ኦዙ ከወለሉ አጠገብ ያስቀመጠው ካሜራ፣ ሀሺዳ ለቁርስ ሰዓት የጻፈችው የረኃብ ታሪክ፣ አከርማን ሳትቆርጥ ያሳየችው የድንች መላጥ ሥራ ሁሉም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ትንሹን ነገር በትጋት ያየ ሰው ትልቁን ጥያቄ ከዚያው ውስጥ ያገኘዋል።

እንግዲህ የጎረቤቱ ጣራ በሚያፈስበት ሌሊት በቤቱ ሙቀት የሚደሰት ሰው ጥፋት አለበትን ተብሎ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከሙቀቱ ሳይሆን ከበሩ ላይ ነው። እሳቱን ማጥፋት ለጎረቤቱ አይጠቅመውም፤ ሁለት ብርድ የመታቸው ቤቶች ከአንድ አይሻሉምና። የሚጠቅመው በሩን ከፍቶ ግባ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳቦው ቢያንስም ይበቃል፤ ከእሳቱ አጠገብ የቆመችውም ተራዋን ትቀመጣለች፤ ሌላው ተነሥቶ ያቀርባል።